የአሮጌ ሞተርሳይክል መብራት፦ አምፖል ከመቀየራችሁ በፊት

(የመግቢያ ሙዚቃ)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የአሮጌ ሞተርሳይክል መብራት ሲበላሽ ጥፋቱን እንዴት ፈልገን እንደምናገኘው ይናገራል። በተለይ የተሰናዳው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከአጠና ተራ እስከ ቤቴልና ዓለም ባንክ፣ ዕድሜ ጠገብ ሞተርሳይክል እየነዳችሁ ለምትሠሩ አሽከርካሪዎችና በየመንገዱ ዳር ለምትጠግኗቸው ወጣት መካኒኮች ነው።

ሞተርሳይክሎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ያማሃ ዲቲ፣ ያማሃ ኤጂ፣ ሆንዳ ኤክስ ኤል። ብዙዎቹ በአንድ ወቅት የግብርና ባለሙያውን፣ የጤና ሠራተኛውን፣ የእርዳታ ድርጅት ተቆጣጣሪውን በገጠር መንገድ ሲያመላልሱ የኖሩ ናቸው። በኋላ በጨረታ ተሸጠው ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወሩ። የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ በአዲስ አበባ ውስጥ በሞተርሳይክል መንቀሳቀስን ካገደ ወዲህ ቁጥራቸው ቢቀንስም፣ ፈቃድ ኖሯቸው መልእክትና ዕቃ የሚያደርሱ አሉ፤ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩና ከዚያም ወዲያ የሚሠሩም አሉ። የሞተራቸው ጉልበት ገና ነው። የሚያስቸግረው ሽቦው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች። ከጠለቀች በኋላ ያለው ውጋገን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ይህ ሰዓት ደግሞ ሠራተኛው ወደ ቤቱ የሚገባበት፣ ከአየር ጤና ወደ ታች የጭነት መኪናው የሚበዛበት፣ እግረኛው በመንገዱ ጠርዝ የሚሄድበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የፊት መብራቱ የደከመ፣ የኋላው ደግሞ የጠፋ ሞተርሳይክል መንገድ ላይ ሲወጣ አደጋው ለነጂው ብቻ አይደለም። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። መብራት ሲጠፋ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው አምፖል መግዛት ነው። አምፖሉ ካልሠራ ባትሪ ይገዛል። ባትሪውም ካልፈታው «ሞተሩ ተከፍቶ መጠቅለል አለበት» ይባላል፤ ብር ይወጣል፤ መብራቱ ለሁለት ሳምንት በርቶ እንደገና ይጠፋል። እኔ በጥብቅ የማምንበት ነገር ይኼ ነው፦ አሮጌ ሞተርሳይክል ላይ ከአምፖልና ከባትሪ ይልቅ የሚበዛው ጥፋት መገናኛው ላይ ነው። የዛገ የማሳ ቡሎን (ማሳ የምንለው ኤሌክትሪኩ በብረቱ በኩል የሚመለስበትን መንገድ ነው)፣ አረንጓዴ ዝገት የበላው ሶኬት፣ ውስጥ ለውስጥ የተበጠሰ ሽቦ። እነዚህን ለማግኘት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ ልታውቁት የሚገባው ነገር የእናንተ ሞተርሳይክል የፊት መብራት ኤሌክትሪኩን ከየት እንደሚያገኝ ነው። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱና መብራቱን አብሩ። የፊት መብራቱ ከበራ የሚመገበው ከባትሪ ነው። ፍሬቻው፣ ክላክሱና የፍሬን መብራቱ ሠርተው የፊት መብራቱ ግን ሞተሩ ሲነሳ ብቻ የሚበራ ከሆነ፣ የሚመገበው በቀጥታ ሞተሩ ውስጥ ካለው ጥቅል ሽቦ ነው። ብዙዎቹ ትናንሽ አሮጌ ሞተርሳይክሎች እንዲህ ናቸው። የሚሽከረከረው ጎማ መሳይ ብረት ማግኔት ተሸክሟል፤ ማግኔቱ በሽቦው ጥቅል አጠገብ ሲያልፍ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነሳል። ማይክል ፋራዴይ የሚባለው እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ይህን እ.ኤ.አ. በ1831 ካሳየ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም።

ይህን መለየት ለምን ይጠቅማል? የፊት መብራቱ ከሞተሩ በቀጥታ በሚመገብ ሞተርሳይክል ላይ ሚኒሞ ላይ ሲሆን መብራቱ ደብዘዝ ማለቱ፣ ነዳጅ ስትሰጡት ደግሞ መድመቁ በሽታ አይደለም፤ ከተሠራ ጀምሮ እንዲያ ነው። ለዚህ ብላችሁ ባትሪ ብትገዙ ምንም አይለወጥም፤ ባትሪው ከዚያ መብራት ጋር ግንኙነት የለውምና። ከባትሪ በሚመገበው ላይ ግን ሚኒሞ ላይ በጣም የሚደክም መብራት ባትሪው እንዳልሞላ ወይም ቻርጅ እንደማይደረግ ምልክት ነው።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ቮልቱ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተሠሩ ብዙ ትናንሽ የጃፓን ሞተርሳይክሎች ባለ 6 ቮልት ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ባለ 12 ቮልት እየሆኑ መጡ። ባትሪው ላይና አምፖሉ አንገት ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ባለ 6 ቮልት የያዘ ሰው ከሌላው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። ምክንያቱን ልንገራችሁ። የተለመደው ባለ ክር አምፖል ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስበት ብርሃኑ በ10 በመቶ አይደለም የሚቀንሰው፤ በ30 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ በዛገ መገናኛ ላይ 1 ቮልት ጠፋ እንበል። ባለ 12 ቮልቱ ከብርሃኑ ሩብ ያህሉን ያጣል። ባለ 6 ቮልቱ ግን ግማሽ ለማጣት የቀረበ ብርሃን ያጣል። በዚያ ላይ 35 ዋት የሆነ የፊት አምፖል በ12 ቮልት 3 አምፒር ያህል ሲስብ በ6 ቮልት ወደ 6 አምፒር ይስባል። የሚያልፈው አምፒር በዛ ማለት ዝገቱ ላይ የሚባክነው በዛ ማለት ነው። «ባለ 6 ቮልት ድሮም መብራት የለውም» ይባላል። አትመኑ። መገናኛዎቹ ንጹህ ከሆኑ ለዚያ ሞተርሳይክል ፍጥነት የሚበቃ መብራት አለው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ዋናውን መሣሪያ እንሥራ። ቴስተር ያላችሁ በቴስተራችሁ ትጠቀማላችሁ፤ የሌላችሁ ግን አትቸገሩ። አንድ የቆየ የፍሬቻ መብራት መያዣ ፈልጉ፤ ምናለሽ ተራ ወይም ከማንኛውም ጋራዥ ጥግ አይጠፋም። አምፖሉ ከሞተርሳይክላችሁ ቮልት ጋር አንድ ይሁን፤ ለ12 ባለ 12፣ ለ6 ባለ 6። ከመያዣው ሁለት ሽቦ አውጡ፤ አንዱ ከፊት እስከ ኋላ የሚደርስ ረጅም ይሁን። በቃ፣ መፈተሻችሁ ይኼ ነው። እንዲያውም ለመብራት ሥራ አንዳንድ ጊዜ ከርካሽ ቴስተር ይሻላል። ቴስተር በአንድ ክር የተንጠለጠለ ሽቦ ላይ እንኳ «12 ቮልት አለ» ይላችኋል፤ አምፖሉ ግን አምፒር ስለሚፈልግ በዚያ ክር አይበራም፤ ሽቦው መታመሙን በግልጽ ያሳያችኋል። ኤሲ ይሁን ዲሲ አይለይም፤ ስለዚህ በቀጥታ ከሞተሩ ለሚመገበውም መብራት ይሠራል።

ፍተሻው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የመፈተሻውን ሁለት ጫፍ ባትሪው ላይ፣ አንዱን ኔጌቲቭ ሌላውን ፖዘቲቭ ላይ አድርጉና ምን ያህል እንደሚደምቅ በደንብ ተመልከቱ። መለኪያችሁ ያ ድምቀት ነው። ከዚያ አንዱን ጫፍ ኔጌቲቩ ላይ አስራችሁ በሌላው ጫፍ የኤሌክትሪኩን መንገድ ተከተሉ፦ ፊውዙ መግቢያ፣ ፊውዙ መውጫ፣ የቁልፉ ቤት፣ መሪው ላይ ያለው ማብሪያ፣ በመጨረሻ አምፖሉ የሚቀመጥበት ሶኬት። ደምቆ ሲበራ ከቆየ በኋላ የደበዘዘበት ወይም የጠፋበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ቁሙ። ጥፋቱ ያለው በመጨረሻው ደማቅ ቦታና በመጀመሪያው ድብዝዝ ቦታ መካከል ነው። ሌላ ቦታ አትንኩ።

ከሞተሩ በቀጥታ ለሚመገበው የፊት መብራት ሞተርሳይክሉን በማቆሚያው አቁሙ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉ፣ ሞተሩን ሚኒሞ ላይ አስነሱ። የመፈተሻውን አንዱን ጫፍ የሞተሩ ብረት ላይ፣ ሌላውን ከሞተሩ በሚወጣው የመብራት ሽቦ ላይ ያዙ። ይህን ሁሉ ደጅ ላይ አድርጉት፤ በተዘጋ ክፍል የሞተር ጭስ ይገድላል። ነዳጅም አታብዙ፤ ሌላ አምፖል ሳይኖር ሞተሩን ብታስጮኹት መፈተሻችሁን ታቃጥላላችሁ።

እስካሁን የተከተልነው ኤሌክትሪኩ የሚሄድበትን መንገድ ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ያቆማል፤ በእኔ ግምት ግን ትልቁ የጥፋት ድርሻ ያለው ገና ባልነካነው በመመለሻው ላይ ነው። አምፖሉ ጋ የደረሰው ኤሌክትሪክ ወደ መነሻው ካልተመለሰ አምፖሉ አይበራም። ከጦር ኃይሎች ዓለም ባንክ ሰው ያደረሰው ታክሲ መመለሻው መንገድ ተዘግቶበት ቢቀር ጦር ኃይሎች ላይ ያለው ሰልፍ እንደማይነቃነቅ ማለት ነው። ሞተርሳይክል ላይ ይህ መመለሻ ማሳው ነው፦ የአምፖሉ መያዣ ብረት፣ ፓራፋንጎው፣ ሻሲው፣ የሞተሩ አካል፣ ከዚያ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው ሽቦ።

አሮጌ ሞተርሳይክል ላይ ይህ መንገድ በብዙ ምክንያት ይዘጋል። ከሁሉ በላይ የሚዘጋው ቀለም ነው። ባለቤቱ ሞተርሳይክሉን ለማሳመር ሻሲውንና ፓራፋንጎውን ያስቀባል፤ የማሳው ቡሎን በአዲሱ ቀለም ላይ ይታሰራል፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። «ከተቀባ ወዲህ መብራቱ እንቢ አለ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ አትፈልጉ። ሌላው ላስቲክ ነው፤ የኋላ መብራትና የፍሬቻ መያዣዎች እንዳይንቀጠቀጡ በላስቲክ ላይ ይታሰራሉ፤ የራሳቸው የማሳ ሽቦ ከተበጠሰ መመለሻ የላቸውም። የኮልፌና የቀራንዮ ኮብልስቶን ቡሎን ያላላል። የክረምቱ ጭቃና ላቫጆ ላይ በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው ውሃ ዝገቱን ያፋጥነዋል።

ማሳ መበላሸቱን የምታውቁበት አስገራሚ ምልክት አለ። ፍሬቻ ስታበሩ የኋላ መብራቱ አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል። ወይም ፍሬን ስትይዙ የፍሬን መብራቱ በመድመቅ ፈንታ የኋላው መብራት ይደበዝዛል። ሰዎች ይህን ሲያዩ «ሽቦዎቹ ተነካክተዋል» ብለው ሙሉውን የሽቦ ዘለላ ይፈታሉ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከአንዱ አምፖል የወጣው ኤሌክትሪክ ትክክለኛ መመለሻው ስለተዘጋበት በሌላው አምፖል ክር አቋርጦ ለመመለስ እየሞከረ ነው። ሁለቱም ሙሉ አቅማቸውን አያገኙም። መፍትሔው የኋላ መብራቱ የማሳ ቡሎን ላይ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። መብራቱ በርቶ እያለ አንድ ተራ ሽቦ ውሰዱ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የአምፖሉ መያዣ ብረት ላይ አጥብቃችሁ ያዙ። ከሞተሩ በቀጥታ ለሚመገበው መብራት ደግሞ ከሞተሩ ብረት ወደ መያዣው። ሽቦውን ስትነኩት መብራቱ ቦግ ካለ ተገኘ፤ ማሳው ነው። አምፖል አትግዙ። ቴስተር ያላችሁ መብራቱ በርቶ ሳለ በባትሪው ኔጌቲቭና በመያዣው ብረት መካከል ለኩ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ መመለሻው ታሟል። የተሻለ የሚባለው ከ0.2 ቮልት በታች ነው። ከሞተሩ በቀጥታ ለሚመገበው ግን ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት አዙራችሁ ከሞተሩ ብረት ተነስታችሁ ለኩ።

ጥገናው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቡሎኑን ፍቱ። ቀለሙንና ዝገቱን ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪያብለጨልጭ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። የሽቦውን ጫፍ እንዲሁ። አጥብቃችሁ እሰሩና ከላይ ቫዝሊን ቀቡት፤ ውሃ እንዳይገባ። ከዚያ በላይ ማድረግ የምትፈልጉ ከሆነ፣ እኔም አጥብቄ የምመክረው ይህን ነው፣ ከፊት መብራቱ ቤትና ከኋላ መብራቱ አንድ አንድ ወፈር ያለ የማሳ ሽቦ አውጥታችሁ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ብረትና ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ አድርሱት። አሮጌ ሞተርሳይክል ላይ በዚህ ዋጋ ይህን ያህል የሚጠቅም ሌላ ሥራ አላውቅም።

(አጭር ሙዚቃ)

ማሳው ንጹህ ሆኖም መብራቱ የሚሄድ የሚመጣ ከሆነ ሽቦው ላይ ነን። የፊት መብራቱን አብርታችሁ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሩ። ስታዞሩ የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ መሪው አንገት ጋ ነው። ሽቦው በየቀኑ እዚያ ላይ ይተጣጠፋል፤ ውጪው ጎማ ደህና ሆኖ ሳለ ውስጡ ያለው መዳብ ክር በክር ይበጠሳል። በዓይን አይታይም። በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ስትጎትቱት ግን እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ቦታ ታገኛላችሁ፤ የተበጠሰው እዚያ ነው። ቆርጣችሁ ስትቀጥሉ ጠምዝዛችሁ ብቻ በናስትሮ አትጠቅልሉ። በሳልዶ በይዱት፣ ለመታጠፊያውም ትርፍ ርዝመት ስጡት። የተጠመዘዘ ሽቦ በአንድ ክረምት ይዝጋል።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረውን መካኒኮች በተለይ እንድትይዙት እፈልጋለሁ፤ የሽቦ ቀለም። የጃፓን ፋብሪካዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የቀለም ሥርዓት አላቸው። ሆንዳ ላይ ማሳው አረንጓዴ ነው። ያማሃ ላይ ማሳው ጥቁር ነው። ሱዙኪ ላይ ጥቁር ሆኖ ነጭ መስመር አለው፤ ካዋሳኪ ላይ ጥቁር ሆኖ ቢጫ መስመር። አሁን አደጋውን ተመልከቱ። ሆንዳ ላይ ጥቁሩ ሽቦ ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ፖዘቲቭ ነው። ያማሃ ላይ የለመደ ልጅ «ጥቁር ማሳ ነው» ብሎ የሆንዳውን ጥቁር ሽቦ ሻሲው ላይ ቢያስረው ፖዘቲቩን ከማሳ ጋር አገናኘው ማለት ነው፤ ፊውዝ ይቆርጣል፣ ፊውዝ ከሌለ ሽቦው ይጨሳል። አረንጓዴውም እንዲሁ ነው፤ ሆንዳ ላይ ማሳ የሆነው አረንጓዴ ያማሃ ላይ የአጭር መብራት ሽቦ ነው። የያማሃው ረጅም መብራት ቢጫ ነው፤ የሆንዳ ረጅም ሰማያዊ፣ አጭሩ ነጭ። ሁለቱ የሚስማሙት ቀይ ላይ ነው፦ በሁለቱም ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣው ሽቦ ቀይ ነው።

ይሁን እንጂ በዕድሜው ብዙ እጅ ያየ ሞተርሳይክል ላይ ቀለምን ብቻ ማመን አይቻልም። ባለፉት ዓመታት ውስጥ አንዱ በቤት ውስጥ መብራት ሽቦ፣ አንዱ በስልክ ገመድ ቀጥሎት ሊሆን ይችላል። የስልክ ገመድ ለፊት መብራት እጅግ ቀጭን ነው፤ ይሞቃል፣ ቮልት ይበላል። የቤት ውስጥ ሽቦ አንዱ ክር ድፍን መዳብ ስለሆነ በመንቀጥቀጥ ይሰበራል። ለሞተርሳይክል የሚሆነው ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት የመኪና ሽቦ ነው፤ ሶማሌ ተራ በሜትር ይሸጣል።

ስለ ፊውዝ፣ ብዙዎቻችሁ ቫልቮላ ስለምትሉት፣ አጭር ግን ጥብቅ ቃል አለኝ። ፊውዝ ሲቃጠል በሲጋራ ብርማ ወረቀት ወይም በሽቦ አትተኩ። ፊውዙ የተቃጠለው አንድ ቦታ ላይ ፖዘቲቩ ከብረት ጋር ስለተነካካ ነው። መንገዱን በብርማ ወረቀት ስትከፍቱለት ቀጥሎ የሚቃጠለው በነዳጅ ታንኩ ሥር የሚያልፈው ሽቦ ነው። ከነዳጅ በታች የሚነድ ሽቦ ምን እንደሚያስከትል መናገር አያስፈልገኝም። ቦታውን ፈልጉት። ዘዴው ይኼ ነው፦ ፊውዙን አውጥታችሁ በቦታው መፈተሻ አምፖላችሁን አገናኙ፤ ባለ 21 ዋት ቢሆን ይሻላል። መብራቶቹን ሁሉ አጥፉ፣ ቁልፉን ክፈቱ። መፈተሻው በሙሉ ድምቀት ከበራ ኤሌክትሪኩ በአቋራጭ ወደ ማሳ እየሄደ ነው። አሁን የሽቦውን ዘለላ ከፊት ጀምራችሁ እያነቃነቃችሁ ሂዱ፤ የመሪው አንገት፣ ከታንኩ ሥር፣ ከመቀመጫው ሥር፣ ፓራፋንጎው ከጎማው የሚቀራረብበት። መፈተሻው ድንገት የደበዘዘበት ወይም የጠፋበት ቦታ ላይ የተላጠው ሽቦ አለ። አንድም ፊውዝ ሳታቃጥሉ ታገኙታላችሁ።

የመብራቱ ችግር መጥፋት ሳይሆን አምፖል መጨረስ ከሆነስ? በየሳምንቱ አምፖል የሚቃጠል ከሆነ ቮልቱ በዝቷል። ቮልቱ በ10 በመቶ ብቻ ቢጨምር የአምፖሉ ዕድሜ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ባለ 12 ቮልት ላይ ነዳጅ ሰጥታችሁ ባትሪው ላይ ስትለኩ ከ13.5 እስከ 14.5 አካባቢ መሆን አለበት፤ ከ15 ካለፈ ቮልቱን የሚገድበው ሬጉላተር ወይም የሬጉላተሩ ማሳ ተበላሽቷል። አዲስ ሬጉላተር ከመግዛታችሁ በፊት እዚህም የተያዘበትን ቡሎን አጽዱ። ሬጉላተር ጭራሽ የሌላቸው በጣም አሮጌዎች ደግሞ አሉ። በእነዚህ ላይ የሞተሩ ጥቅል ሽቦ የሚያመነጨው ከአምፖሎቹ ዋት ድምር ጋር ተመጣጥኖ ነው የተሠራው። የኋላው አምፖል ሲቃጠል የእሱ ድርሻ ወደ ፊተኛው ይሄዳል፤ ፊተኛውም ይከተላል። ስለዚህ ሁለቱም አብረው ተቃጥለው ስታገኟቸው የመጀመሪያው ጥፋት የኋላው ሶኬት መላላት ሊሆን ይችላል። የተጻፈውን ዋት አክብሩ፤ ከሱቅ የተገኘውን ሁሉ አታስገቡ።

የፍሬን መብራት ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። የኋላው አምፖል ሁለት ክር አለው፤ አንዱ 5 ዋት ለኋላ መብራት፣ ሌላው 21 ዋት ለፍሬን። አንገቱ ላይ ያሉት ሁለት ጉጦች እኩል ከፍታ ላይ የሌሉት ተገልብጦ እንዳይገባ ነው። በግድ ተገልብጦ ከገባ ሁልጊዜ የፍሬኑ ክር ይበራል፤ ፍሬን ስትይዙ ከኋላችሁ ያለው ሾፌር ልዩነት አያይም። የእጅ ፍሬኑ አብርቶ የእግሩ ካላበራ ወይም በተቃራኒው ከሆነ አምፖሉ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የማያበራው ፍሬን ማብሪያ ላይ ነው፤ የእግሩ ከሆነ ማብሪያውን የሚስበውን ስፕሪንግ አስተካክሉ።

ፍሬቻው በርቶ ድርግም የማይል ከሆነ በአሮጌዎቹ ላይ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ የአራቱንም አምፖሎች ዋት እዩ። የድሮው የፍሬቻ ሪሌ በሚያልፍበት አምፒር ሙቀት የሚሠራ ነው፤ አምፒሩ ካነሰ ሥራውን ያዛባል። በዚሁ ምክንያት ኤልኢዲ ፍሬቻ ያስገቡ ሰዎች ሪሌውንም ለኤልኢዲ በሚሆን መቀየር ይኖርባቸዋል። የፊት ኤልኢዲን በተመለከተ ደግሞ፣ ከሞተሩ በቀጥታ በሚመገብ ሞተርሳይክል ላይ ለዲሲ የተሠራ ኤልኢዲ ይርገበገባል፣ ቶሎም ይሞታል። በአግባቡ ያልተሠራው ደግሞ መንገዱን ሳይሆን የሚመጣውን ሰው ዓይን ያበራል። ማሳውና ሽቦው ሳይስተካከል ወደ ኤልኢዲ መሸሽን አልደግፍም።

ባትሪውን በሚመለከት፦ ቆሞ ያደረ ሙሉ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12 ከሆነ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። ውሃው ከጎደለ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው፤ የቧንቧ ውሃ አይሆንም። ስትፈቱ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍቱ፣ ስታስሩ መጨረሻ ላይ እሰሩት። አሲድ ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡ፤ ዓይን ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ባትሪውን አውጥታችሁም ሞተሩን አታስነሱ፤ ብዙ ሞተርሳይክሎች ላይ ቮልቱ ስለሚወጣ የቀሩት አምፖሎች ይቃጠላሉ።

መካኒኮች፣ አንድ አደራ አለኝ። የተበጠሰ ሽቦ ስትተኩ በዚያው ቀለም ተኩ። ቀለሙ ካልተገኘ በሁለቱም ጫፍ የትክክለኛውን ቀለም ስም ጽፋችሁ በናስትሮ አስሩበት። ነገ ያንን ሞተርሳይክል ሰበታ ወይም ሆለታ ላይ በሌሊት የሚከፍተው ሌላ ባለሙያ ነው፤ እናንተ ያበጃችሁትን አይቶ መረዳት አለበት።

አሽከርካሪዎች፣ ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ብቻ ብላችሁ መብራት አትሠሩ። ነጂ የራሱን የኋላ መብራት አያየውም፤ ጠፍቶ ወር ሊሞላው ይችላል። ዛሬ ማታ ሞተርሳይክላችሁን ከማቆማችሁ በፊት ወርዳችሁ ከኋላው ቁሙ፣ መብራቱን እዩት፣ ፍሬኑንም ይዛችሁ እዩት።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)